የጓሮና የጎተራ ጥበብ፦ ነባሩ የምዕራብ ጎጃም እርሻ ስለ አካባቢ የምግብ ዋስትና የሚያስተምረን

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

እኛ መሐንዲሶች ስለ እርሻ እንድንናገር ስንጋበዝ አብዛኛውን ጊዜ የምንጠየቀው ስለ ግድብ፣ ስለ መስኖ ቦይ፣ ስለ ትራክተር ወይም ስለ ፋብሪካ ነው። እኔ ዛሬ ላቀርብላችሁ የተነሣሁት ግን ማንም መሐንዲስ ስላልነደፈው፣ ንድፉም በወረቀት ላይ ስላልሰፈረ፣ ሆኖም ለብዙ ትውልድ ሲሠራበት ስለ ኖረ አንድ ሥርዓት ነው። ይኸውም በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በደምበጫ፣ በወንበርማ፣ በቋሪትና በሰከላ የሚኖረው ገበሬ ቤተ ሰቡን ከክረምት እስከ ክረምት ለማድረስ የዘረጋው የእርሻና የእህል አያያዝ ሥርዓት ነው።

ምናልባት ከመካከላችሁ «ምዕራብ ጎጃም ትርፍ አምራች አይደለምን? ስለ ምግብ ዋስትና መነጋገር የሚገባን ስለ ሌላው አካባቢ ነው እንጂ» የሚል ይኖር ይሆናል። አስተያየቱ ከፊል እውነት አለው። በ1977 ዓ.ም. ወሎና ትግራይ በረኀብ ሲመቱ ጎጃም ተፈናቃይ ተቀባይ እንጂ ተፈናቃይ አልነበረም፤ ከተጎዱት አውራጃዎች የመጡ ብዙ ሺህ ወገኖቻችን በመተከል፣ በፓዌ እንዲሰፍሩ መደረጉም የሚታወስ ነው። ነገር ግን አንድ ዞን በድምሩ ትርፍ አመረተ ማለት በዞኑ ያለ ጎተራ ሁሉ ሙሉ ነው ማለት አይደለም። ዝናብ በማይጓደልበት፣ አፈሩ ቀይና ጥልቅ በሆነበት በዚህ አገር እንኳ ሐምሌና ነሐሴ ሲደርሱ ጎተራው የሚራቆትበት ቤት ጥቂት አይደለም። ስለዚህ የምግብ ዋስትና ጥያቄ በአውድማ ላይ ስንት ኩንታል ተሰበሰበ የሚል ብቻ ሳይሆን፣ የተሰበሰበው እስከ የትኛው ወር ቤት ውስጥ ይቆያል የሚልም ጭምር ነው። ነባሩ እርሻ መልስ ለመስጠት ሲደክም የኖረው ለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄ ነበር።

፩. የማሳዎች አቀማመጥ

የምዕራብ ጎጃም ገበሬ መሬት በአንድ ቦታ ተጠቃሎ የሚገኝ አይደለም። አንዱ ቃዳ ከቤቱ አጠገብ፣ ሌላው ከተራራው ወገብ ላይ፣ ሦስተኛው ከወንዝ ዳር ከጥቁር አፈር ላይ ይሆናል። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያጠናውንና እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመውን የርስት ጥናት ያነበበ ሰው ይህ መበታተን ከዘር ሐረግ ይዞታ ጋር እንዴት ተሳስሮ እንደ ነበረ ይረዳል። የ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ርስትን ከሻረ በኋላም፣ ከዚያም በክልሉ በ1989 ዓ.ም. ከተደረገው የመሬት ሽግሽግ በኋላ፣ ማሳዎች ተበታትነው መገኘታቸው አልቀረም።

ይህ ነገር ለትራክተር አይመችም። ለገበሬውም ቢሆን በመንገድ ብዙ ጊዜ ያባክንበታል። ሆኖም ሌላ ገጽ አለው። በረዶ የተራራውን ወገብ ሲመታ የወንዙ ዳር ይተርፋል፤ ውኃ የሜዳውን ማሳ ሲያጥለቀልቅ ተዳፋቱ ይጠነፍፋል። በአንድ ዓመት ሁሉም ማሳ አንድ ላይ የሚጠፋበት ዕድል ያነሰ ነው። እኛ ድልድይ ስንነድፍ አንዱ ተሸካሚ ቢደክም ሌላው ጭነቱን እንዲቀበል አድርገን እንነድፋለን፤ ለዚህም ስንል ጥቂት ተጨማሪ ብረትና ሲሚንቶ ማውጣትን እንደ ብክነት አንቈጥረውም። የተበታተነው ማሳም ለገበሬው እንደዚሁ ያለ የደኅንነት ትርፍ ነበር።

በነዚህ ማሳዎች ላይ የሚዘራውም አንድ ዓይነት አልነበረም። ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ ኑግ፣ በርበሬ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ስንዴ፤ ወደ ሰከላና ወደ ቋሪት ከፍ ሲሉ ገብስና ድንች፤ ወደ ዓባይ በረሓ ዝቅ ሲሉ ማሽላ። ጥቁር አፈር ባለበት ደግሞ ዝናቡ ሊወጣ ሲል በመሬቱ ርጥበት ብቻ የሚበቅሉት ሽምብራና ጓያ። እያንዳንዱ ሰብል የሚዘራበትና የሚሰበሰብበት ጊዜ ልዩ ልዩ በመሆኑ የገበሬው ጉልበትና የበሬው ጉልበት በአንድ ሳምንት ላይ አይጨናነቁም፤ የምግቡም ምንጭ በአንድ ወር ላይ አይንጠለጠልም።

ከነዚህ ሁሉ መካከል ለሁለቱ ጥቂት ጊዜ ስጡኝ።

የመጀመሪያው ግብጦ ነው። ግብጦን ብዙዎቻችን የምናውቀው በገበያ ላይ በስኒ ተሰፍሮ ሲሸጥ ነው፤ በጎጃምና በአገው ምድር ግን ደካማ መሬት የሚታከምበት ሰብል ነው። ዘሩ መራራ መርዝ ስላለው ከብት አይደፍረውም፤ ስለዚህ አጥርም ጠባቂም ብዙ አያሻውም። ለምግብ የሚሆነው ተቆልቶ፣ ቀጥሎም ለብዙ ቀናት በውኃ ተዘፍዝፎ፣ ቢቻል በወራጅ ወንዝ ውስጥ ተቀምጦ፣ ምሬቱ ከወጣለት በኋላ ነው። ይህ ራሱ የተስተካከለ የምግብ አዘገጃጀት ቴክኖሎጂ ነው፤ ሙቀቱ ዘሩን ያበስላል፣ ወራጁ ውኃ መርዙን አጥቦ ይወስዳል። የዘመኑ የዕፅዋት ሳይንስ ደግሞ ይህን ጨምሮ ነግሮናል፤ የግብጦ ሥር እንደ ጠርሙስ መጥረጊያ ብሩሽ የተሰባሰቡ ቀጫጭን ሥሮች ያወጣል፤ ከነሱም ሲትሪክ አሲድ የተባለው ንጥረ ነገር እየመነጨ በአፈሩ ውስጥ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ የቀረውን ፎስፎረስ ያላቅቃል። ከዚህም በላይ ጥራጥሬ እንደ መሆኑ ናይትሮጅንን ከአየር ያስገባል። አሲዳማ አፈር ዋና ችግሩ ለሆነ አገር ከዚህ የበለጠ ተስማሚ ተክል ለማግኘት ያስቸግራል። ገበሬው የሲትሪክ አሲድን ስም ሳያውቅ፣ ግብጦ ከተዘራበት ማሳ ላይ የሚቀጥለው ሰብል ደኅና እንደሚሆን ግን ያውቅ ነበር።

ሁለተኛው ዳጉሳ ነው። ዳጉሳን የድኻ እህል አድርጎ መቍጠር የተለመደ ነው። እውነቱ ግን በ100 ግራም ውስጥ ከ300 ሚሊግራም በላይ ካልሲየም ያለበት፣ በጎተራም ለበርካታ ዓመታት ሳይበላሽ የሚቆይ እህል መሆኑ ነው። ፍሬው እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ ገብቶ ሊራባበት አይችልም። ስለዚህ ዳጉሳ ለነባሩ ገበሬ የዓመቱ ምግብ ብቻ ሳይሆን፣ ለሚመጣው ክፉ ዓመት የተቀመጠ ተጠባባቂ ሀብቱ ነበር።

፪. ጓሮ

ከማሳው ወደ ቤቱ ስንጠጋ ጓሮውን እናገኛለን። በጓሮው ጌሾ፣ ቡና፣ ሎሚ፣ ጎመን፣ ዱባ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም ይገኛሉ፤ በአንዳንዱ ቦታ የአገው ድንች የሚባለው ነባር ሥራ ሥር፤ በዳሩም ዋንዛና ብሳና። የቤቱ አመድ፣ የከብቱ ፍግና ጥራጊው ሁሉ የሚደፋው በዚሁ ስለሆነ የጓሮው አፈር ከሩቁ ማሳ ይልቅ ጥቁርና ለም ነው። ቅጠሉ ለዳቦ መጋገሪያ የሚቈረጠው ኮባም እዚሁ ይበቅላል። ኮባ የእንሰት ወገን ነው፤ በደቡብ ያሉት ወገኖቻችን ከዚሁ ተክል ቆጮ አውጥተው፣ በጉድጓድ አብላልተው፣ ወደ 20 ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ ሲመግቡበት፣ ጎጃም ግን ከቅጠሉ አላለፈም።

በቆሎ ወደ ጎጃም ሲገባ መጀመሪያ የተቀበለው ይኸው ጓሮ ነው። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። በቆሎም ሆነ በርበሬ፣ እንዲሁም ድንች፣ ከአሜሪካ ምድር ተነሥተው ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው። ዛሬ ቡሬንና ጃቢ ጠህናንን ያለ በርበሬ ማሰብ የማይቻል ቢሆንም፣ በርበሬ በአንድ ዘመን እንግዳ ነበር። ስለዚህ ነባር እርሻ ስንል ከውጭ የመጣውን ሁሉ የሚገፋ፣ የተዘጋ ነገር ማለታችን አይደለም። ነባሩ እርሻ እንግዳውን ይቀበላል፤ ነገር ግን በመጀመሪያ በጓሮ ይፈትነዋል፣ ጠባዩን ያጠናል፣ ከዚያም ለቤቱ በሚጠቅምበት ቦታና ወር ላይ ያስቀምጠዋል።

የጓሮ በቆሎ የተሰጠው ቦታም በክረምቱ መጨረሻ ላይ ያለው የረኀብ ወር ነበር። ጤፉ ገና አረንጓዴ ሆኖ፣ የአምናው እህል ባለቀበት ጊዜ፣ የጓሮው እሸት ከዱባውና ከጎመኑ ጋር ቤቱን ወደ አዲሱ ምርት ያሻግራል። ይህ ሥራ በአብዛኛው የሴቶች እጅ ሥራ ነው። የትኛው የበቆሎ ዛላ ለዘር እንደሚቀመጥ፣ የትኛው ዱባ እንደሚቆይ የምትወስነው የቤቱ እመቤት ናት። ለዘር የተመረጠው ዛላ ከምድጃው በላይ ይንጠለጠላል፤ ጭሱ ያደርቀዋል፣ ነቀዙንም ያርቅለታል። የእርሻ ምክር ግን ለረዥም ዘመን ሲሰጥ የኖረው በአብዛኛው ለወንዱ፣ ያውም ስለ ሩቁ ማሳ ነበር።

፫. ጎተራ

ከቀርከሃ ወይም ከሸንበቆ ተጠርቦና ተፈትሎ እንደ ትልቅ ቅርጫት የሚሠራው፣ በጭቃና በእበት የሚለሰነው፣ በድንጋይ ወይም በእንጨት እግር ላይ የሚቆመው፣ ክዳኑም ሣር የሆነው ጎተራ፣ በቤት ውስጥ ደግሞ በጭቃ የሚሠራው ጎታ፣ ለሁላችንም እንግዳ አይደሉም። በመሐንዲስ ዓይን ስናያቸው እግሩ ከምድር ርጥበት ያርቃል፤ ልስኑ ርጥበትን ጥቂት በጥቂት ይቀበላል፣ ይለቅማል፤ የሣር ክዳኑ የቀኑን ሙቀትና የሌሊቱን ቅዝቃዜ ያለዝባል። ጤፍና ዳጉሳ በዚህ ቤት ውስጥ ያለ ሥጋት ይከርማሉ።

ባቄላንና በቆሎን የመሰለ ትልልቅ ፍሬ ያለው እህል ግን ነቀዝ ይደፍረዋል። ለዚህ ገበሬው ያገኘው ዘዴ እጅግ ያስደንቃል። ባቄላውን ወይም በቆሎውን ከጤፍ ጋር ደባልቆ ያስቀምጣል። ደቃቁ ጤፍ በትልልቁ ፍሬ መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚሞላው ነቀዙ የሚንቀሳቀስበትም፣ የሚተነፍስበትም ቦታ ይጠበዋል። ሊበላ ሲፈለግ በወንፊት ይለያል። ኬሚካል የለበትም፤ ከሁለቱ እህሎች አንዱም አይባክንም። ይህንኑ አየር የማሳጣት መሠረተ ሐሳብ በዘመናዊ መልክ የያዘው፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካው ፐርድዩ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በካሜሩን ያበጁትና ዛሬ በአገራችን ገበያ ላይ የሚገኘው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ነው። እንግዲህ አዲሱ ከረጢትና አሮጌው የጤፍ ድብልቅ ሥጋ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ይቻላል።

፬. የነባሩ እርሻ ድካም

ክቡራትና ክቡራን፣ እስከዚህ ድረስ ያመሰገንሁትን ያህል አሁን ድካሙንም መናገር ይገባኛል፤ ያለዚያ ንግግሬ ሙሾ ወይም ውዳሴ ሆኖ ይቀራል።

የመጀመሪያው ድካም ሥርዓቱ በሁሉም ረገድ ተጠባባቂ ሲኖረው በአንድ ነገር አለመኖሩ ነው፤ እሱም በሬ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ የዘለቀው፣ በታሪካችን «ክፉ ቀን» የሚባለው የረኀብ ዘመን በዋነኛነት የመጣው የከብት እልቂት በሬዎቹን ስለ ፈጀ ነው። መሬቱም፣ ዘሩም፣ ገበሬውም እያሉ ማረሻውን የሚጎትት ታጣ። መቀናጆ፣ ወንፈልና ደቦ የአንድ ቤት በሬ ሲሞት ይጠቅማሉ፤ የአገሩ በሬ ሁሉ ሲሞት ግን የሚቀናጁት አይገኝም።

ሁለተኛው ድካም አፈሩን ለውኃ አሳልፎ መስጠቱ ነው። ለጤፍ መሬቱ ይገመሳል፣ ይታየማል፣ ይሰለሳል፣ እንደገናም ይታረሳል፤ ክረምቱ ሲበረታ ማሳው የላመ ዱቄት ነው። ገበሬው ትርፍ ውኃውን ለማስወጣት በማሳው ላይ አግድም ሰያፍ የሚያወጣው ፈሰስ በራሱ ብልኅ ሥራ ነው፤ ቍልቍለቱን በዓይኑ ለክቶ፣ በማረሻው ብቻ ያወጣዋል። ችግሩ ፈሰሱ ከማሳው ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስን አለመኖሩ ነው። የአንዱ ፈሰስ ከሌላው ፈሰስ ጋር ከድንበር ላይ ሲገናኝ ቦረቦር ይከፍታል።

ከደምበጫ በስተ ሰሜን የሚገኘው አንጀኒ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ቤታችን ነው። በ1976 ዓ.ም. በስዊስ የበርን ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ በዚያ ተቋቁሞ፣ 113 ሄክታር የሚሆን ተፋሰስ ዝናቡ፣ ጎርፉና የሚታጠበው አፈር ሲለካ ቆይቷል። በ1978 ዓ.ም. በተፋሰሱ ላይ ከኬንያ የተቀሰመው፣ አፈሩ ወደ ላይ እየተጣለ የሚሠራው «ፋንያ ጁ» የተባለ እርከን ተሠራ። ገበሬዎቹ እርከኑን በየጊዜው እየጠገኑ ስላቆዩት ተዳፋቱ ከዓመት ዓመት እየተስተካከለ ወደ ደረጃ ማሳነት ተለወጠ። በሌሎች ብዙ ቦታዎች በዘመቻ የተሠሩ እርከኖች በጥቂት ዓመታት ሲፈርሱ የአንጀኒው የቆየው ጥገናው የገበሬው የራሱ ሥራ በመሆኑ ጭምር ነው።

ሦስተኛው ድካም የአፈሩ አሲዳማነት ነው። ዝናብ የበዛበት ቀይ አፈር ንጥረ ነገሮቹ እየታጠቡ አሲዳማ ይሆናል። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በዚህ ችግር የተያዘ ነው፤ ጎጃምም ከዋናዎቹ አንዱ ነው። በድሮ ዘመን ሕዝቡ ጥቂት በነበረ ጊዜ መሬት አርፎ ያገግም ነበር። ዛሬ የሚያርፍ መሬት የለም። ስለዚህ ወደ ድሮው እንመለስ ብሎ መምከር አይቻልም፤ ድሮው ራሱ ለዛሬው ሕዝብ አይበቃምና።

፭. የበቆሎ ዘመን

ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ሳሳካዋ ግሎባል 2000 በተባለው ድርጅት አነሣሽነት፣ ከዚያም በመንግሥት የኤክስቴንሽን ፕሮግራም አማካይነት የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ ወደ ገበሬው በስፋት መግባት ጀመረ። ከባኮ ምርምር ማእከል የወጣው ቢኤች 660 የተባለው የበቆሎ ዝርያ የምዕራብ ጎጃምን ሜዳ ለወጠው። በአገር ደረጃ ቀድሞ በሄክታር ከ20 ኩንታል በታች የነበረው የበቆሎ አማካይ ምርት ዛሬ ወደ 40 ኩንታል ደርሷል። ይህ ትልቅ ድል ነው፤ ብዙ ልጆች በልተው ያደጉበት ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም።

ነገር ግን በቆሎ ከጓሮ ወጥቶ ማሳውን ሁሉ ሲሸፍን ሦስት ጊዜ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ደርሶናል።

አንደኛው በ1994 ዓ.ም. የደረሰው ነው። ሁለት ዓመት በተከታታይ ምርቱ ሞልቶ ስለ ነበር የበቆሎ ዋጋ እጅግ ወደቀ፤ የማዳበሪያ ዕዳውን መክፈል ያቃተው ገበሬ ብዙ ነበር፤ የሚቀጥለውን ዓመት ዘርና ማዳበሪያ የቀነሰም እንዲሁ። ወዲያው በተከተለው ድርቅ በ1995 ዓ.ም. በአገራችን የምግብ ርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሆነ። በአንድ ዓመት እህል ገዢ አጥቶ፣ በሚቀጥለው ዓመት በላተኛ እህል አጣ። በመካከሉ የጎደለው ማስቀመጫ፣ መንገድና ገበያ ነበር።

ሁለተኛው በ2009 ዓ.ም. መጤው ተምች ወደ አገራችን መግባቱ ነው። ይህ ተባይ ከሁሉ አብልጦ የሚወድደው በቆሎን ነው። አንድ ቀበሌ ከዳር እስከ ዳር በቆሎ ሲሆን ለተምቹ የተዘረጋ ማእድ ነው።

ሦስተኛው የማዳበሪያው ነገር ነው። በ2014 ዓ.ም. የዓለም የማዳበሪያ ዋጋ ከዩክሬን ጦርነት ጋር ተያይዞ ናረ፤ በ2015 ዓ.ም. የክረምት መግቢያ ደግሞ ማዳበሪያው በወቅቱ ባለመድረሱ በክልላችን ያሉ ገበሬዎች አቤቱታቸውን ይዘው አደባባይ ወጡ። ከዚያው ክረምት ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገዶች በተደጋጋሚ ተዘግተዋል። የተዳቀለ ዘር በየዓመቱ ከሱቅ የሚገዛ ነው፤ ማዳበሪያው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው፤ ሁለቱም የሚደርሱት በአንድ አስፋልት ላይ ነው። አስፋልቱ በተዘጋ ጊዜ በጎታው የራሱን ዳጉሳ፣ በማሳው ግብጦና ባቄላ ያለው ቤት፣ ሁሉን በበቆሎ ላይ ከጣለው ቤት የተሻለ መቆሚያ አለው።

በጎረቤታችን በአዊ ዞን፣ በፋግታ ለኮማ የታየውም ለዚህ ማስረጃ ይሆናል። ገበሬዎቹ ደካማ መሬታቸው ላይ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዝርያ ተከሉ፤ በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ዘሩ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዛፉን ቈርጠው ከሰል አከሰሉ፤ ያረፈውን መሬት መልሰው አረሱ። የጥንቱን መሬት የማሳረፍ ልማድ ከገበያ ጋር ያስታረቀ ግሩም ፈጠራ ነበር። ዛፉ ግን አገሩን ሁሉ በሸፈነ ጊዜ የዝገት በሽታ ገብቶ አጠቃው። ብልኅ የሆነው ፈጠራ እንኳ አንድ ወጥ ሲሆን ለአደጋ ይጋለጣል።

፮. ከሩቅ ደሴቶች የሚመጣ ምስክርነት

ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። በፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች የሚኖሩ ሕዝቦች አውሎ ነፋስ በየጊዜው የሚመታቸው፣ ከሌላው ዓለም በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ባሕር የተለዩ ናቸው። ነባሩ እርሻቸው ጎደሬን፣ ያም የሚባለውን ሥራ ሥር፣ ሙዝን፣ ኮኮናትንና የዳቦ ፍሬ የሚባለውን ዛፍ በአንድ ቦታ አደባልቆ የሚያበቅል ነበር። የዳቦ ፍሬው በሚበዛበት ወራት ትርፉን በቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ቀብረው ያብላሉታል፤ አውሎ ነፋስ ዛፉን በጣለ ጊዜ ከጉድጓዱ እያወጡ ይመገባሉ። የእኛን ቆጮ የሚያውቅ ሰው ጥበቡን ወዲያው ይለየዋል። በኋላ ዘመን ከውጭ የሚመጣ ሩዝና የቆርቆሮ ምግብ ይህን ሲተካ፣ በብዙዎቹ ደሴቶች የስኳር በሽታ ከዓለም ከፍተኛ ከሚባለው ደረጃ ደረሰ፤ መርከብ ሲዘገይም መደብሩ ባዶ ይሆናል።

ከነዚህ ደሴቶች አንዷ ሳሞአ ጎደሬን ለውጭ ገበያ ስታቀርብ ገዢው የወደደውን አንድ ዝርያ አብዝታ ተከለች። እ.ኤ.አ. በ1993 የቅጠል በሽታ ገባ፤ ያ ዝርያ በሽታውን የሚቋቋምበት ኃይል ስላልነበረው የውጭ ንግዱ ብዙም ሳይቆይ ከሞላ ጎደል ቆመ። ሕዝቡ ግን አልተራበም፤ የዳቦ ፍሬውና ሙዙ በየጓሮው ነበሩና። ከዓመታት በኋላ ጎደሬዋን መልሳ ያስነሣችው ከሌሎች ደሴቶችና ከእስያ የመጡ ዝርያዎችን በማዳቀል ነው። እንግዲህ ሳሞአን በክፉ ቀን ያበላት የጓሮዎቿ ብዝኀነት ነበር፤ ያዳናትም በሌላ ቦታ ተጠብቆ የቆየው የዘር ብዝኀነት ነው።

ይህን በአገራችን አስቀድመው ከተረዱት አንዱ ዶክተር መላኩ ወረደ ናቸው። በ1969 ዓ.ም. ገደማ የተመሠረተውን የዘር ባንክ ለብዙ ዓመታት መርተዋል፤ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳና በማኅበረ ሰቡ የዘር ጎተራም መጠበቅ አለበት ብለው በመሥራታቸው እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

፯. ከእኛ የሚጠበቀው

ክቡራትና ክቡራን፣ ከነባሩ እርሻ ልንወስድ የሚገባን ማረሻውን ወይም ዝቅተኛ ምርቱን አይደለም። የምንወስደው ሕጉን ነው፤ ይኸውም የአንድ ቤት ዓመት በአንድ ሰብል፣ በአንድ ገዢ፣ በአንድ መንገድ ላይ እንዳይንጠለጠል ማድረግ ነው። በዚህ መሠረት አምስት ነጥቦችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ማስቀመጫን በሚመለከት። በቆሎ ለማከማቸት የሚበቃው ርጥበቱ ወደ 13 በመቶ ሲወርድ ነው። ለገበሬው የሚያስፈልገው ቀላል ማድረቂያ፣ እግሩ የአይጥ መከላከያ ቆርቆሮ የለበሰ የተሻሻለ ጎተራ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ያሉ የብረታ ብረት ሠራተኞች ሊሠሩት የሚችሉት የቆርቆሮ ጎታ ነው። ይህን መንደፍ ከማንኛችንም አቅም በላይ አይደለም፤ ከክብራችን በታች አድርገን ስለ ቈጠርነው ግን ብዙ ዘግይቷል።

ሁለተኛ፣ በርበሬን በሚመለከት። በባዶ መሬት ላይ የሚሰጣ በርበሬ ሻጋታ ይይዛል፤ ከሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ይመጣል። ከመሬት ከፍ ያለ የወንፊት አልጋና ከላዩ የፕላስቲክ ሽፋን ይህን ይቀንሳል። ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ለሻጩም ለበላተኛውም ነው።

ሦስተኛ፣ ኖራን በሚመለከት። አሲዳማ መሬትን ለማከም በሄክታር በርካታ ቶን ኖራ ያስፈልጋል። የኖራ ድንጋይ በዓባይ ሸለቆ፣ በደጀን አካባቢ በብዛት አለ። ችግሩ መፍጨቱና ማጓጓዙ ነው፤ ይህም ሙሉ በሙሉ የእኛ የሙያ ጥያቄ ነው። ኖራው እስኪደርስ፣ ከደረሰም በኋላ፣ ግብጦ ከሰብል ፈረቃው እንዳይወጣ መምከር ይገባል።

አራተኛ፣ ውኃን በሚመለከት። ፈሰስን ከመከልከል ይልቅ መጨረሻውን ማበጀት ይሻላል። የአጎራባች ማሳዎች ፈሰሶች የሚገናኙበት፣ ሣር የለበሰ የጋራ መፋሰሻ ከገበሬዎቹ ጋር ተመካክሮ ቢቀየስ ቦረቦሩ ይቀንሳል። ቅየሳው የእኛ፣ ስምምነቱና ጥገናው የገበሬዎቹ ይሆናል።

አምስተኛ፣ ኢንዱስትሪን በሚመለከት። በአገራችን መጀመሪያ ከተገነቡት አራት የተቀናጁ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኮች አንዱ፣ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው፣ በቡሬ ነው። የቡሬ ከተማ ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስና ከነቀምቴ የሚመጡ መንገዶች የሚገናኙባት በመሆኗ ቦታው በሚገባ ተመርጧል። እንደዚህ ያለ ፓርክ የ1994 ዓ.ም. ዓይነት የዋጋ ውድቀትን ለመከላከል ትልቅ ተስፋ ነው። ነገር ግን ፋብሪካ በጠባዩ አንድ ወጥ ጥሬ ዕቃ ይወድዳል፤ የኩታ ገጠም እርሻም ለዚሁ ይመቻል። ስለዚህ የጥሬ ዕቃ ፍላጎት ስናሰላ ኑግን፣ ጥራጥሬንና በርበሬን ከበቆሎ ጋር በፈረቃ የሚያስገባ አድርገን ማስላት፣ የኩታ ገጠሙም ማሳ ከዓመት ወደ ዓመት ሰብል እንዲለዋውጥ ማቀድ፣ ጓሮውን ደግሞ ከእቅዱ ውጭ፣ ለቤተ ሰቡ መተው ይገባናል።

በመጨረሻ፣ አንድ የእርሻ ፕሮጀክት በእጃችን ሲገባ ከኩንታሉ ስሌት አስቀድመን ሦስት ጥያቄዎችን እንድንጠይቅ አሳስባለሁ። ዋናው ሰብል ቢጠፋ ቤተ ሰቡ ምን ይበላል? ዋጋው ቢወድቅ እህሉ የት ይቆያል? መንገዱ ቢዘጋ ዘሩ ከየት ይመጣል? ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሌለው ንድፍ፣ ምርቱ የቱን ያህል የበዛ ቢሆን፣ ገና ያላለቀ ንድፍ ነው። የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ለሦስቱም በዳጉሳው፣ በጎተራውና ከምድጃው በላይ በሰቀለው የዘር ዛላ መልስ ሰጥቶ ነበር። መልሱ ለዛሬው ሕዝብ ቍጥር እንዲበቃ ማድረግ ደግሞ የእኛ ድርሻ ነው።